ጭስ የሚነበብባት ከተማ

የአገሪቱን ስም አልነግራችሁም። ብነግራችሁ እዚያ ዘመድ ያለው ይቆጣል፤ ዘመድ የሌለው ደግሞ አላምንም ይላል። በተራሮች መሀል እንደ ገበቴ የጎደጎደች ከተማ ናት ብላችሁ ያዙልኝ። ነፋስ ደፍሮ አይገባባትም፤ አንዴ የገባባት ጭስም መውጫ አያገኝም። ተወልጄ ያረጀሁት እዚያ ስለሆነ ብስቅባት ማንም ሊቆጣኝ አይችልም።

በዚያች ከተማ የሰው ክብር የሚለካው በጭሱ ነበር። ጎተራ ይዋሻል፣ ልብስ ይዋሻል፣ ጭስ ግን አይዋሽም ይሉ ነበር አባቶቻችን። ከጣራው ላይ ወፍራም ጥቁር ጭስ ቀጥ ብሎ ከወጣ፣ እዚያ ቤት ትልቅ ድስት ተጥዷል ማለት ነው። ቀጭን ነጭ ጭስ ከሆነ የትናንቱን እያሞቁ ነው። ጭስ ያልታየበት ቤት ወይ ሰው ሞቶበታል፣ ወይ ሊሞትበት ነው። ሰላምታችን "ጭስዎ እንዴት አደረ?" ነበር፤ ምርቃታችን "ጭስህ ጣራህን ይሰንጥቀው"፤ እርግማናችን ደግሞ "ጭስህ ይቅጠን"። ክፉኛ የተጣላ ሰው "ንጹሕ አየር ይስጥህ" እስከ ማለት ይደርሳል፤ በዚህ ቃል ምክንያት ችሎት የቆሙ አውቃለሁ። ሳል እንኳ በእኛ ዘንድ የወግ ነበር። ሴት ልጅ ለመታጨት ስትደርስ እናቷ ቁጭ አድርጋ መሳል ታስተምራታለች፤ የማትስል ሙሽራ የድሃ ቤት ልጅ ናት ተብላ እንዳትመለስ።

ልጁን ሊድር ያሰበ ሰው ታዲያ ሽማግሌ ከመላኩ በፊት ወደ ማንያዘዋል ይሄዳል። ማንያዘዋል የከተማዋ ጭስ አንባቢ ነበር፤ የአባቱም የአያቱም ሥራ ይኸው ነው። ገና ጎሕ ሲቀድ ኮረብታው ላይ ይወጣል፣ ጋቢውን ተከናንቦ ድንጋይ ላይ ይቀመጣል፣ ቁልቁል እያየ የየቤቱን ጭስ ያነባል። "የእነ እገሌ ጭስ ከታች ይኮራል፣ ጫፉ ላይ ግን ይንቀጠቀጣል፤ ሀብቱ የአባት እንጂ የራሳቸው አይደለም" ይላል። በዚህ ቃል ስንት ጋብቻ ቆሟል፣ ስንቱ ፈርሷል። የኔም ፈርሷል፤ እሱን ግን እንተወው። ጎረቤቱ ነኝ፤ የምንጋራው ግድግዳም ስስ ነው። ስለዚህ የምነግራችሁን ሁሉ ወይ አይቻለሁ፣ ወይ በግድግዳው ሰምቻለሁ፣ ወይ ባለቤቱ ይመኙሻል ራሷ አጫውታኛለች።

ይመኙሻል ብዙ የማታወራ፣ ካወራች ግን ሰው የሚሰማት ሴት ነበረች። ዋና ችግሯ የአንባቢ ሚስት መሆኗ ነው። አንባቢው ራሱ በደንብ ሳይጨስ የሰውን ጭስ ማን ያስነብበዋል? ስለዚህ ከከተማው ሁሉ የሷ ማድቤት ይበልጥ መጨስ ነበረበት፤ እሷም ያልደረቀ እንጨት እየማገደች፣ ዓይኗ እየፈሰሰ፣ ደረቷ እየፏጨ ኖረች። ማንያዘዋል ሚስቱን አይወድም ነበር የሚለኝ ካለ እጣላዋለሁ። ይወዳታል። ግን ሳሏን ለምዶታል፤ ሰው የቤቱን በር ሲጥታ እንደሚለምደው ማለት ነው።

እንዲህ ተከብረንና ተጨናብሰን ስንኖር፣ ከቆላ በኩል በበቅሎ ጭነው ሶላር የሚሸጡ ነጋዴዎች መጡ። ፀሐይ የሚለቅም ሰሌዳ ጣራ ላይ ይሰቀላል፣ ሽቦው ወደ ማድቤት ይወርድና ምድጃውን ያግለዋል። እንጨት የለም፣ አመድ የለም፣ ጭስ የለም። "ጭስ የለም" ያሉት ዕቃቸውን ለማሞገስ ነበር፤ ሕዝቡ ግን እንደ ስድብ ቆጥሮት ሊወግራቸው ትንሽ ቀረው። የሆነ ሆኖ ጫካው ከዓመት ዓመት እየሸሸ እንጨት በዋጋው ከእሳት ይልቅ የሚያቃጥልበት ዘመን ነበርና፣ ቀን የተሳደበው ሁሉ ሲመሻሽ በጓሮ በር እየመጣ ገዛ።

የመጀመሪያው ደፋር ባለ ልኳንዳው ነበር። ሰሌዳውን ሰቀለ፣ እንጨቱን ጣለ። በማግስቱ ማንያዘዋል ከኮረብታው ሆኖ ቢያይ የባለ ልኳንዳው ጣራ ጭር ብሏል። "እዚያ ቤት ሐዘን ገብቷል" ብሎ አነበበ። ለቀስተኛው ነጠላውን አዘቅዝቆ እየጮኸ ቢደርስ፣ ሰውዬው ከነቤተሰቡ ጥብስ ከበው ተቀምጠዋል። ለቀስተኛውም የመጣበትን ላለማጣት ተቀምጦ አብሮ በላ። የልጁ እጮኛ ወገኖች ግን "ጭስ ከሌለው ቤት አንዛመድም" ብለው ጋብቻውን አፈረሱ።

ከዚያ ወዲህ ከተማው ብልሃት አበጀ። ማድቤት ውስጥ በፀሐይ ይበስላል፣ ደጅ ላይ ደግሞ ለክብር ይጨሳል። እሳት በሌለበት ጭስ አይኖርም ይባላል፤ በእኛ ከተማ ግን ድስት በሌለበት እሳት መንደድ ጀመረ።

በዚህ ያለፈላት እንጨት ሻጯ እትዬ ዘነቡ ናት። ባሏ ሞቶባት ልጆቿን በእንጨት ንግድ የምታሳድግ፣ ሶላር መጣ ሲባል "አለቀልኝ" ብላ ደረቷን የመታች ሴት ነበረች። አላለቀላትም። ከእንጨት ይልቅ የሚጨሰው እርጥብ የባሕር ዛፍ ቅጠል ነውና ቅጠል ከፍልጥ በላይ ተወደደ። ደጇ ላይ ሰው ተሰለፈ። ቅጠል አርጣቢ፣ ጭስ አራጋቢ፣ ጭስ ጠባቂ የሚባሉ ሥራዎች ተፈጠሩ። የጠባቂው ሥራ የጌታው ጭስ አጥር ተሻግሮ ለጎረቤት እንዳይቆጠር መከላከል ነው። አጥር ስለተሻገረ ጭስ የተነሣ ክርክር ፍርድ ቤቱን አጣቦት ነበር፤ ዳኛው ማስረጃው ይቅረብልኝ ሲል ማስረጃው በኖ ይጠፋል።

"ዘነቡ፣ አንቺስ ሶላር አትገዢም?" ብላት፣

"ጭስ እየሸጥኩ ፀሐይ ልገዛ? የሰው መሳቂያ ልታደርገኝ ነው?" አለችኝ።

መንግሥታችንም ዝም አላለም። ሹም ልዑልሰገድ የሚባል የጭስ ሹም ነበረን። ፀሐይ ስትመጣ ይሻራል ብለን ስንጠብቅ የጭስና የፀሐይ ሹም ተብሎ ከፍ አለ። ጠዋት ወንበሩን ወደ ምሥራቅ አዙሮ ፀሐይን ያስፋፋል፤ ከሰዓት ወደ ምዕራብ አዙሮ ጭስን ይንከባከባል። በሁለቱም በኩል ውጤታማ ነበር። ከዘነቡ በቀር ሶላር ያልሰቀለ ጣራ ጠፋ፣ ጭስም በታሪካችን ታይቶ የማይታወቅ ደረጃ ላይ ደረሰ።

ይመኙሻልም ባሏን ለመነች። "ሶላሩን ግዛልኝ፣ ጭሱ ደግሞ ይቅርልኝ፤ ደረቴ አለቀ" አለችው። ይህን በግድግዳው ሰምቻለሁ። ማንያዘዋል ሶላሩን ገዛላት። ጭሱን ግን "አንቺ ደግሞ! የአንባቢ ቤት ሳይጨስ?" ብሎ ከማድቤቱ በር ፊት ለፊት የቅጠል ክምር አስቆለለ። ስለዚህ የሷ ነገር ከመሻል ይልቅ ባሰ።

ከዚያ የሆነውን ልጅ እንኳ ሊገምተው ይችላል፤ እኛ ግን አልገመትንም። ገበቴ ናት ብያችኋለሁ። የክብር ጭሱ መውጫ አጥቶ ከከተማው በላይ እንደ ክዳን ተዘረጋ። ቀኑ እንደ ምሽት ደበዘዘ። ምድጃዎቹ መጀመሪያ ለብ አሉ፣ ከዚያ ጨርሰው ቀዘቀዙ። ሕዝቡ ጮኸ፤ ሹሙ አጣሪ ጓድ አቋቋመ። ጓዱ ሰሌዳዎቹን መረመረ፣ ሽቦውን መረመረ፣ ምድጃውን ቀመሰ፤ በመጨረሻም ጥፋቱ የፀሐይ ነው ሲል ወሰነ። በሥራ ገበታዋ ላይ ትገኛለች፣ ነገር ግን አትሠራም። ስለዚህ በየማለዳው ነጋሪት እየተጎሰመ ለፀሐይ ማስጠንቀቂያ እንዲነበብላት ተደረገ። እኔም ቆሜ ሰምቻለሁ። ቋንቋው ጠንካራ ነበር።

ፀሐይ እስክትታረም ድረስ ደግሞ ሰው መብላት አለበትና ሁሉም ማድቤት ውስጥ እንጨት አነደደ። ደጅ ላይ ያለውን የክብር ጭስ የሚያጠፋ ግን አልተገኘም፤ ማን ቀድሞ ይዋረድ? ጭሱ እጥፍ ሆነ። ከበላይ መንግሥት፣ በጭሳችን ብዛት ከሁሉ የበለጠ ያደገች ከተማ ተብለን ሽልማት ተላከልን፤ ያመጣው ሰው ከተማዋን አጥቷት ሲዞር ዋለ።

ይመኙሻል ያን ሰሞን መተኛት አቃታት። ጋደም ስትል ትንፋሽ ያጥራታል፤ ግድግዳውን ተደግፋ ቁጭ እንዳለች ያነጋታል። አንድ ቀን ከንፈሯ ጠቆረ። ሐኪሙ ደረቷን አዳምጦ፣ "ይቺ ሴት ጭስ የሌለበት ካልሄደች ትሞታለች" አለ። ማንያዘዋል ያን ጊዜ ሳሏን ሰማው። እኔ በግድግዳ ማዶ ለዓመታት የሰማሁትን እሱ ያን ቀን ሰማው። ወዲያው አዝሏት ወደ ኮረብታው ወጣ።

ከጭሱ ክዳን በላይ ሲደርሱ ሰማዩ ጥርት ብሎ፣ ፀሐይዋ ቦግ ብላለች። ማስጠንቀቂያው አልደረሳትም መሰል። ይመኙሻልን ለንባብ ሲወጣ ከነፋስ ከሚጠለልባት ጎጆ ደጃፍ ላይ አስቀመጣት፤ አየሩን ሳበች፣ ደግማ ሳበች፣ እንደ ሕፃን ተኛች። ማንያዘዋል አጠገቧ ተቀምጦ ቁልቁል አየ። ቤት አይታይም። ሰው አይታይም። ከስንት ጊዜ ጀምሮ የማንንም ቤት ጭስ ለይቶ እንዳላየ፣ ዝም ብሎ ከልማድ ሲያነብ እንደከረመ ለራሱ አመነ። ፀሐይን የጋረደው ምን እንደሆነም ገባው። ጭሱ ካለ ሚስቱ ወደ ቤቷ አትመለስም፤ ጭሱ ከጠፋ እሱ ሥራ የለውም። ብዙ አላሰበም። ተነሥቶ ወደ ሹሙ ወረደ።

"ክቡር ሹም፣ ፀሐይ አልሰነፈችም" አለው። "ከኮረብታው በላይ እንደ ጥንቷ ናት። በጭሳችን የጋረድናት እኛው ነን።"

ሹሙ ግራና ቀኙን አየ። "ይህን ለሌላ ሰው ነግረሃል?"

"ኧረ አልነገርኩም።"

"ደግ አደረግህ። አሁን ጠዋት ነው፤ ጠዋት የፀሐይ ሹም ነኝ። የምትከሰው ጭስን ስለሆነ ከሰዓት ተመለስ።"

ከሰዓት ተመለሰ። ወንበሩ ዞሯል።

"ያንተ ጉዳይ የፀሐይ መጋረድ አይደለም እንዴ? እሱ የሚታየው ጠዋት ነው።"

"ጌታዬ፣ ሚስቴ ልትሞትብኝ ነው!"

"እግዜር ይማርልህ። ምን አገኛት?"

"ጭስ።"

"ታድላ!" አለ ሹሙ ከልቡ። "እኔ ቤት እኮ እስካሁን ማንም አልታመመም። ባለቤቴ በዚህ ሁልጊዜ ትነዘንዘኛለች።"

የዓመቱ ታላቅ ንባብ ደረሰ። በዚያ ቀን አንባቢው ገበያው መሀል ካለው ድንጋይ ላይ ይወጣና የከተማውን አንደኛ ቤት ያውጃል። ያወጀውን "አነበብኩ" ብሎ ካሰረው፣ እስከሚቀጥለው ዓመት ሹምም ቢሆን አይፈታውም። ሕዝቡ ጭሱ ውስጥ እንዳይጠፋፋ ልብስ ለልብስ ተያይዞ መጣ።

ማንያዘዋል እውነቱን ሊናገር ነበር የወጣው። "ወገኖቼ፣ ጭሱን እናጥፋው" ብሎ ጀመረ። "ፀሐይን የጋረደው እሱ ነው። ልጆቻችሁን የሚያስለው እሱ ነው። ሚስቴን ቤቷ እንዳትገባ ያደረጋት እሱ ነው።"

ሕዝቡ በጨዋነት አዳመጠው። ሲጨርስ ባለ ልኳንዳው ከጭሱ ውስጥ "መልካም፤ አንደኛ ማን ወጣ?" ሲል ጠየቀ።

ያን ጊዜ ማንያዘዋል ተናደደ። ትዕግሥተኛ ሰው ሲናደድ ጥሩ ሐሳብ ይመጣለታል።

"አንደኛ የወጣ የለም!" አለ። "ዘንድሮ ንባቡ ተገልብጧል። የሚጨስ ቤት ማለት ሶላር መግዛት ያቃተው ቤት ማለት ነው። ጭስ ማለት እጦት ነው፤ ብዙ ጭስ፣ ብዙ እጦት። አነበብኩ!"

ከዚያ አንዲት ሴት "ውሃ!" ብላ ጮኸች፤ ሕዝቡም ልብስ ለልብስ እንደተያያዘ ወደየቤቱ ሮጠ። ውሃ ያጣ በጠላ አጠፋ። ባለ ልኳንዳው የራሱን ክምር በራሱ ቅቅል መረቅ አጠፋው። ቀድሞ ጭሴን ወሰደብኝ ብሎ ጎረቤቱን የከሰሰ ሁሉ "ያ ጭስ የሱ ነበር፣ ፍርድ ቤት ምስክር ነው" እያለ ይምል ጀመር። ሹም ልዑልሰገድም ወንበሩን ወደ ምሥራቅ ብቻ አዙሮ በሚስማር አስመታው፤ በብርድ ጠዋት ከአፉ እንፋሎት የሚወጣ ሰውም እጁን አፉ ላይ እንዲያደርግ አዘዘ። እናቶች ልጃገረዶቻቸውን ሳል ማስተው ያዙ። ጥቂት ቆይቶ ክዳኑ ሳሳ፣ ተቀደደ፣ ፀሐይ ወረደችልን። ማስጠንቀቂያው ሠራ ተባለ።

ማንያዘዋል ደስታው አላስቀምጥ ብሎት ወደ ኮረብታው ወጣ። ይመኙሻል ፊቷ ወዝ አውጥቶ ደጃፍ ላይ ቆማለች።

"ውረጂ እንግዲህ፣ ይመኙዬ። ቤትሽ ጠርቷል፣ ደጅሽ ጠርቷል።"

"ቆይ እስቲ። ከዚህ ሆኜ ከተማዋን አይቻት አላውቅም" አለች። ዓይኗን በእጇ ከልላ ጣራ በጣራ ተመለከተች። "ያ ጥጉ ላይ ያለው የማን ቤት ነው?"

"የዘነቡ።"

"ሶላር የለውም እኮ።"

"አልገዛችም። አሁን ደግሞ ቅጠሏን የሚገዛት የለም።"

"ጭስም የለውም።"

"የለውም" አለ ማንያዘዋል፤ ልማድ ክፉ ነውና ማንበብ ጀመረ፤ "ጭስ የሌለው ቤት እንግዲህ በአዲሱ ንባብ..." ቃሉ አፉ ላይ ቀረ።

"ታዲያ እነዚያ ልጆች ምን በልተው አደሩ?"

ይመኙሻል መልሱን አልጠበቀችም።

"እኔን አድነህ እነሱን ልትፈጅ ነው? ውረድ። ሂድና እሳት አንድድላቸው።"

"እኔ? በጠራራ ፀሐይ? ሰው ምን ይለኛል?"

"ሰው ምን እንደሚል የምትነግረው አንተ አይደለህም እንዴ?" አለችው። "እኔ ልሂድ እንዳልል ደረቴ ገና ነው። ሂድ አልኩህ!"

ወረደ። እትዬ ዘነቡ በሯን ገርበብ አድርጋ ተቀምጣለች፤ ልጆቿ ዙሪያዋን ከበው የራሰ ሽምብራ ይቆረጥማሉ። ስታየው ደንግጣ ብድግ አለች።

"ኧረ ጋሽ ማንያዘዋል፣ በእመቤቴ ይሂዱልኝ! አልጨስንም። ከዚያ ቀን ወዲህ አንዴም አልጨስንም።"

"እንጨት አለሽ?"

"እንጨትማ ሞልቶኛል፤ ማን ይገዛኛል ብለው! የቸገረኝ ማንደዱ ነው እንጂ።"

ማንያዘዋል ጋቢውን ጥሎ ማድቤት ገባ። ጭስን ከላይ ሆኖ ሲያነብ ያረጀ ሰው፣ እሳት ማቀጣጠል ግን አያውቅም። ጎንበስ ብሎ እፍ ሲል ጭሱ ፊቱ ላይ ተመለሰበት። ጉሮሮውን አነቀው፣ ዓይኑን አሳወረው፤ እየሳለ ግድግዳ ሲፈልግ እጁ ጥላሸት ነካ። ይመኙሻል እዚህ ውስጥ ነው የኖረችው ሲል አሰበ፤ በየቀኑ፣ ለኔ ክብር። አለቀሰ። እኔ በኋላ "ጭሱ ነው" ብለው "አይደለም" ብሎኛል። እሳቱ ሲይዝለት ድስት ጣደ፣ ሽሮ በተነ፣ ያገኘውን ሽንኩርት ሁሉ ጨመረበት።

ጭሱ ከዘነቡ ጣራ ላይ ቀጥ ብሎ ወጣ። በጠራው ሰማይ ላይ ያልታየው ዕውር ብቻ ነው። ከተማው ሥራውን ጥሎ መጣ። ባለ ልኳንዳው መጣ፣ አጣሪ ጓዱ መጣ፣ ሹም ልዑልሰገድን ከነተቸነከረው ወንበሩ ተሸክመው አመጡት። እኔም ከፊት ተገኝቻለሁ። የሚቆጣም፣ የሚያሾፍም፣ የቀድሞው ንባብ ተመልሶ ይሆናል ብሎ ቤቱ የደበቀውን ቅጠል የሚያስብም ነበር።

"አንባቢው ይውጣ!" አለ ሹሙ። "ምንድን ነው ይህ ጭስ? ሀብት ነው ወይስ እጦት? ዛሬውኑ አንብብልን!"

ማንያዘዋል በሩ ላይ ብቅ አለ። ፊቱ ጥላሸት ለብሷል፣ ዓይኑ ቀልቷል፣ እጁ ላይ ማማሰያ ይዟል። ጭሱን ቀና ብሎ እንኳ አላየውም።

"ምሳ ነው" አለና ድስቱን ሊያማስል ተመለሰ።